ሰረቅሽ የተባልኩባቸው ኤሊዎች

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ አሶሳ፣ የጎረቤት ሠርግ ላይ፣ ጌቱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ጡረታ ወጥቶም የኃላፊ አነጋገሩ አልለቀቀውም። ለማላውቃቸው ሰዎች ሲያስተዋውቀኝ፣ «እሷ ናት እንግዲህ፣ ኤሊ ሰርቃ የመለሰችው» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ ቤቴ ከገባሁ በኋላም አልገባኝም።

አስረኛ ክፍል ሳለን ከመሀል አገር ተመድቦ የመጣ የባዮሎጂ መምህር የተፈጥሮ ክበብ አቋቋመ። ወንዝ ዳር የተለቀሙ ግልገል ኤሊዎችን አሳድገን፣ ቅርፊታቸው ጠንክሮ ወፍ የማይደፍራቸው ሲሆኑ ወደ ወንዙ ልንመልሳቸው ነበር። የትምህርት ቤቱ ጓሮ ውስጥ ኩሬ ቆፍረን ዙሪያውን በቀርከሃ አጠርን። ትል እየፈለግን፣ ከገበያ የዓሣ አንጀት እየለመንን አበላናቸው። የእጄ ሽታ ምሳዬን ያስጠላኝ ነበር። ቢሆንም ወደድኳቸው።

በጋው ሲበረታ የሴሚስተር እረፍት መጣ፤ ጥበቃው ለእኔ ተሰጠ። የሰፈራ መንደራችን ቅርብ ነው ተባለ። በዚያ ፀሐይ ጄሪካን ለተሸከመ ሰው ቅርብ የሚባል መንገድ የለም፤ የማመጣውን ውሃ መሬቱ ወዲያው ይጠጣዋል። አንድ ጠዋት ብደርስ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ብቻ ጠበቀኝ። አንድም ኤሊ የለም። አጥሩ አልተነካም።

ትምህርት ሲጀመር ጌቱ ፈረደ። «ለመድኃኒት ቀማሚ ሸጣቸዋለች። ሰፋሪ ምን የማይሸጠው አለ?»

መምህሩ እኔን ሳይጠይቅ ስሜን ከክበቡ መዝገብ ሰረዘ። ይህ ከጌቱ ምላስ ባሰብኝ። ወሬው ቀድሞኝ ቤት ገባ። አባቴ ከማሽላው እርሻ ሲመለስ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?»

አይደለሁም አልኩት። መልሴ ለራሴም የላላ መሰለኝ። አጥሩ ካልተነካ ማን ወሰዳቸው? በሩን ከፍቼ ትቼው ይሆን?

ግንቦት ላይ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ኤሊዎቹ ኩሬው ውስጥ ተገኙ። ከስተው፣ ጭቃ ለብሰው። ተማሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መምህሩ ፊቱ በራ። «ጎሽ፣ ሕሊናሽ አሸነፈ። አጨብጭቡላት።»

አጨበጨቡ። ቆሜ ተጨበጨበልኝ።

ወደ ወንዙ ስንወስዳቸው ኤሊዎቹ ያሉበትን ሳፋ ለእኔ ሰጡኝ፤ ይቅርታ መሆኑ ነው። በሌላው በኩል የያዘችው ሐሊማ ነበረች፣ አንድ ዴስክ ላይ የምንቀመጥ የበርታ ልጅ።

«አንቺ አልሰረቀም፣ እኔ አውቃለሁ» አለችኝ፣ ገና ባልጠራ አማርኛዋ። «ኤሊ ውሃ ሲያልቅ ጭቃ ውስጥ ይገባል፣ ይተኛል። ዝናብ ሲመጣ ይወጣል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ወዳጄ ትሁን ጠላቴ፣ ያን ቀን ግራ ገባኝ። ለመምህሩ «ቲቸር፣ ሐሊማን ይጠይቋት» ብዬ ብነግረው፣ «አልፏል፣ አታንሺው» አለኝ።

ሠርጉ ላይ ይህን ሁሉ ለጌቱ መንገር እችል ነበር። አልነገርኩትም፤ ምክንያቱ አባቴ ነው። ያኔውኑ ስለ ጭቃው ነግሬው ነበር። ሰምቶ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እስኪሞት ድረስ ለመጣው እንግዳ ሁሉ፣ «የኔ ልጅ ብትሳሳት እንኳ የወሰደችውን ትመልሳለች» እያለ ሲያወራ ኖረ። በሌላ ነገር ሲኮራብኝ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ሳላርመው ቀረሁ።

ጌቱን እንደጠላሁት እኖራለሁ፤ እሱ ቀላል ነው። አባቴን ግን ምን እንደማደርገው እስከ ዛሬ አላውቅም።