ልጄ ጎል አላገባም ያልኩ ዕለት

ይህን እስከ ትናንት ድረስ ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። አንባቢ ሆይ፣ ሰምተህ ፍረድ።

ልጄ ናትናኤል በተሰደድንባት ከተማ የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን በደመወዝ መጫወት የጀመረ ሰሞን ነው። ተከላካይ ነበር። የተከላካይ ሥራ ምን እንደሆነ እኔ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ሆኪን ማንም አላስተማረኝም፤ ከላይብረሪ መጽሐፍ እየተዋስኩ፣ በምሠራበት መጋዘን፣ በዌርሃውሱ የእረፍት ሰዓት እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። ጓደኞቼንም «ተከላካይ በጎል አይመዘንም፤ በእሱ በኩል ማን አለፈ በሉ» እያልኩ እገሥጻቸው ነበር። በናቲ በኩል ደግሞ ማለፍ ከባድ ነበር። ግዙፍ ጎልማሳ ከሜዳው አጥር ጋር ሲያላትመው፣ ብድግ ብሎ እንደ ኳስ የሚጫወቱባትን ጥቁር ጎማ ይነጥቀዋል። ደስታው መቀመጫ አሳጥቶኝ ነበር።

አንድ እሑድ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ባለው የግርማ ምግብ ቤት ያገሬ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ናቲ ገባ። ተጨበጨበለት። ግርማ ወደ እኔ ዞረና፣ «ጋሼ ታደሰ፣ የሆኪው ሊቅ እርስዎ ነዎት፤ ልጁን እንዴት አገኙት?» አለኝ።

ባደግሁበት ቤት አባት ልጁን በሰው ፊት አያሞግስም፤ ካሞገሰ ጉረኛ ይባላል፣ የሰው ዓይንም በልጁ ላይ ይጠራል። ስለዚህ፣ «ምኑን አየሁት? አንዲት ጎል እንኳ አላገባ! በረዶውን እንዲጠርግ ነው መሰለኝ የቀጠሩት» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ናቲም አብሮ ሳቀ፤ የቀረበለትን ግን ሳይነካ ወጣ።

ልማድ ነው ብዬ ላመልጥ? ትሕትና ዝም ያሰኝ ይሆናል፤ ያስዋሻል እንዴ? ፍርድ ተጠየቅሁ፤ እውነቱን እያወቅሁ በገዛ ልጄ ላይ በሐሰት መሰከርኩ። እኔ፣ ልጆቼን ዋሻችሁ ብዬ የምቀጣው እኔ!

ከዚያ ወዲያ ናቲ ጎል ማሳደድ ያዘ። ቦታውን ጥሎ ወደ ፊት ይሮጣል፤ ተጋጣሚ እሱ በተወው ክፍት ቦታ ገብቶ ያገባል። አሠልጣኙ ወደ ታችኛው ቡድን አወረደው። ሰዉ «ገና ጥሬ ነው» ሲል፣ እኔም ማን እንዳሳተው እያወቅሁ ራሴን ነቀነቅሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እዚያ ሆኖ ቦታውን መጠበቅ መልሶ ለመደ፤ በዓመቱ ወደ ዋናው ቡድን መልሰው ጠሩት። ዛሬ ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ይጮህለታል። እኔ ግን በየጩኸቱ መካከል ያንን እሑድ እሰማለሁ።

ትናንት ከጨዋታ በኋላ መኪናውን እሱ እየነዳ ወደ ሰፈራችን ኖርዝላንድ ስንመለስ አንድ በአንድ ነገርኩት። ከዚያ መኪናውን ዳር አስያዘ።

«ዌይት፣ ዳድ፣ ቆይማ» አለ። «ያኔ ጥሩ ተጫውቼ ነበር?»

«እጅግ ጥሩ ነበርክ፣ ልጄ። አውቅ ነበር።»

«አይ ኒው ኢት! ልቤ ነግሮኝ ነበር!» ብሎ መሪውን በጥፊ መታ። እንደ ሕፃን ሳቀ፣ አንገቴን አቅፎ ራሰ በራዬን ሳመኝ። «ዳድ፣ እስከ ዛሬ ዕድለኛ ሆኜ ነው የመለሱኝ እል ነበር!»

እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ እንዲህ ከሳቅሁ ብዙ ዘመኔ ነው። እሱ ይቅር ብሎኛል። እኔ ግን ለራሴ ጠበቃ አልቆምም፦ ይህ ሳቅ በእጄ የነበረ የልጄ ሀብት ነው፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት።