የእናቴ ደጋን እና የሸመደድኩት ቃል

ዛሬ ጠዋት የኮልፌውን ቤታችንን ስናጸዳ የእናቴን ደጋን ወደ ቆሼ ቆሻሻ መጣያ ከሚሄደው ዕቃ ጋር ልወረውረው ስል የልጅ ልጄ ከእጄ ነጠቀችኝ።

«አባባ፣ አይጣሉት! ይሄ እኮ አርክ ነው!»

ጥጥ የሚነደፍበት፣ ጅማት የተወጠረበት ጎባጣ እንጨት ነው። እሷን ሰሞኑን ጂኦሜትሪ ይዟታል።

ስልኳን ከፍታ አነበበችልኝ። ፈረንጆች የክብን ቁራጭ «አርክ» የሚሉት በጥንቱ ላቲን ቀስት፣ ያው ደጋን ማለት ስለሆነ ነው አሉ። የድልድዩ «አርች»ም፣ የቀስተኛው «አርቸር»ም የወጡት ከዚያው ነው።

እኛስ ያንኑ የክብ ቁራጭ «ቅስት» የምንለው ከቀስት አይደል? የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ጎባጣ ነገር አይተው አንድ ነገር አሰቡ! ፈዝዤ ቀረሁ።

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ተማሪ ሳለሁ ጂኦሜትሪ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነበር። ማታ ማታ «አርክ፣ አርክ» እያልኩ እሸመድዳለሁ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ በዚሁ ደጋን ጥጧን ትነድፋለች፤ ባዘቶው እንደ ደመና ይነሳል።

«እሱ አርክ የምትለው ምንድን ነው ልጄ?»

«እንጃ እማዬ፣ ለፈተና ነው።»

(ፈተናውን አልፌዋለሁ። እንዴት እንዳትሉኝ።)

ዛሬ ጅማቱን ሳብ አድርጌ ለቀቅኩት። ድምፁ ያው የድሮው ነው።

እናንተስ፣ ትርጉሙን ሳታውቁ ሸምድዳችሁት ኋላ እቤታችሁ ያገኛችሁት ቃል አለ? እስቲ ጻፉልኝ።

እኔ እናቴ የጠየቀችኝን ዛሬ ነው የመለስኩት። መልሱ ግን ያኔ በእጇ ነበር።