ባንቺአየሁ ያላለችው

ብርነሽ የአሠሪዋን፣ የባባን፣ ጉትራ ስትተኩስ ሁለት ሥራ አብራ ትሠራ ነበር። ነጩን የራስ ጨርቅ መተኮሻው ላይ ዘርግታ ጫፎቹን ትስባለች። ስታርቹን ራቅ አድርጋ ትነፋለች፤ ከቀረበ ጠብታው ካውያው ሲያርፍበት ቢጫ ምልክት ይተዋል። ጨርቁ እስኪጠጣው ትጠብቃለች። ከዚያ ካውያውን ከመሃል ወደ ዳር ትነዳለች፤ መልሳ ወደ መሃል ብትገፋው ይጨማደዳል። ሲደርቅ በሦስት ማዕዘን አጥፋ፣ እጥፉን በጣቶቿ አቅንታ ትጫነዋለች። ካውያውን አቁማ እጇን በሽርጧ ትጠርግና ስልኳን ታነሳለች። በግራ ጆሮዋ ባለው ማዳመጫ የሰማችውን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳለ፣ ከነዐረብኛ ቅልቅሉ፣ ከነኸላሱ ከነያላው፣ በአማርኛ ትጽፋለች። ካልተያዘላት ድምፁን ወደ ኋላ መልሳ ትሰማለች። ቀጣዩን ጉትራ ትዘረጋለች። ቀኝ ጆሮዋ ክፍት ነው፤ እሱ የማዳም ነው።

የምትሰማው የሴቶች ድምፅ ነበር። ዶሃ፣ አል ዋዓብ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ቪላ እየሠራች በርቀት የሶሲዮሎጂ ዲግሪ ትማር ነበር፤ ኮሌጁ አገር ቤት፣ ትምህርቱ በስልክ። የመመረቂያ ጽሑፏ ዶሃ ውስጥ በሰው ቤት ስለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን እናቶች ነው። አማካሪዋ ርዕሱን ሲሰማ መረጃው እጅሽ ላይ ነው፣ እንዳያመልጥሽ ብሏት ነበር። ዓርብ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥላ ፈልጋ ከእናቶቹ ጋር ቁጭ ትልና ትቀዳለች። ዓርብ የማትወጣ ደግሞ ሰሃን እያጠበች፣ ሕፃን እያስተኛች በድምፅ መልእክት ትልክላታለች።

ባንቺአየሁ ከማይወጡት አንዷ ነበረች። የምትሠራው እዚያው ሰፈር፣ ሁለት ግቢ አለፍ ብሎ ነው። ብርነሽ አዲስ በመጣችበት ሰሞን፣ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሳይወጣ፣ ጥላዋን ስትፈራ፣ ቆሻሻ ሊያወጡ በር ላይ ሲገናኙ ቤቱን፣ ቋንቋውን፣ የማዳምን ፊት ማንበቡን ሁሉ ያስተማረቻት እሷ ናት። ብርነሽ እትዬ ትላታለች። እሷ ደግሞ ብርዬ።

በእንዲህ ያለ ጥናት የሰው ስም ተቀይሮ እንደሚጻፍ ብርነሽ አስረድታት ነበር። ባንቺአየሁ አልተዋጠላትም።

«ስሜ ምን አደረገሽ? ባንቺአየሁ ብለሽ ጻፊ። ትሁት ታንብበው።»

ትሁት ልጇ ናት። ደሴ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ እንግሊዝኛዋም ጥሩ ነው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ እናትና ልጅ መንገዱን ሙሉ ስልክ ላይ ናቸው። ባንቺአየሁ የማዳምን ልጅ የምሳ ዕቃ እየሞላች ከሽርጧ ኪስ የልጇን ኮቴ ትሰማለች።

ጽፈው ሲጠይቁት የሚመልሰውን ቻትቦት ለብርነሽ ያሳያት የቤቱ ሹፌር ኢሳይያስ ነው። ትምህርት ከጀመረች ወዲህ በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ ዶክተር ነው የሚላት። «ዶክተር፣ ይሄን ጠይቂው፣ አይደክመው፣ አይቆጣ፣ ከማዳም ይሻልሻል» አላት። እውነትም ጠቀማት። እንግሊዝኛዋን ያቃናላታል፤ አማካሪዋ በቀይ የጻፈውን ያልገባትን ሁሉ ይተረጉምላታል። የሌለ መጽሐፍ ፈጥሮ እንደሚጠቅስ ስለሰማች የሰጣትን ምንጭ ሁሉ አንድ በአንድ ፈልጋ አጣራች። ያልተገኘውን ሰረዘች። በዚህ በኩል የሚነቅፋት አልነበረም።

ረመዳን ገባ። ቤቱ እንግዳ በእንግዳ ሆነ፤ የጉትራው ሰዓት ለሳምቡሳ ተሰጠ። ጽሑፉ የሚገባበት ቀን ተቃርቧል። የሌሎቹን እናቶች ቃል ጽፋ ጨርሳለች፤ የቀረችው ባንቺአየሁ ብቻ ናት። የባንቺአየሁ መልእክት ደግሞ ረጅም ነው፤ መሃሉ ላይ ውኃ ይንሿሿል፣ ሕፃኑ ይጣራል፣ ተቋርጦ ይቀጥላል። ብርነሽ አንድ ጊዜ ሰማችው፣ ሳምቡሳ እያገላበጠች እየጠበሰች። ቆይቼ እጽፈዋለሁ አለች። አልጻፈችውም።

በመጨረሻ ቻትቦቱን ከፍታ በአጭሩ አስገባችለት። አንዲት እናት ናት፣ የአሠሪዋን ልጅ ታሳድጋለች፣ የራሷ ልጅ አገር ቤት ናት፣ ናፍቆት አለባት፤ ራሷ እንደምትናገር አድርገህ በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ። ዘይቱ ሳይግል ጽሑፉ መጣ። ያማረ ነበር። «ልጄ እንግዳ ሆነችብኝ» ይላል። «ፍቅሬን ለሰው ልጅ ሰጥቼ ጨረስኩት፤ ለእሷ የተረፈኝ የለም።»

ብርነሽ አነበበችው። እትዬ ይህን አላለችም ብላ አሰበች። አሰበችና እትዬ የራሴ ናት፣ አትቀየመኝም አለች። ሌሎቹን ሴቶች ቢሆን አትደፍርም ነበር፤ ከመካከላቸው ስማቸውንም በቅጡ የማታውቃቸው ነበሩ። የቅርቧን ሰው ግን ቃል ቀይራ፣ ከነስሟ አስገባቻት።

አማካሪው ሌላውን ገጽ በቀይ ሞልቶ ከዚህኛው ጎን «ልብ ይነካል» ብሎ ጻፈበት። ጽሑፉ አለፈ። ባንቺአየሁ ስሟ ያለበትን ገጽ ላኪልኝ አለች፤ ብርነሽ ላከችላት። እንግሊዝኛ ስለሆነ ስሟን ብቻ ለየች። ደስ ብሏት እዚያው ለትሁት አስተላለፈችው።

በማግስቱ ጠዋት ትሁት ስልክ አላነሳችም። በሚቀጥለውም።

ቆሻሻ ሲያወጡ ተገናኙ። ባንቺአየሁ ጥቁሩን ከረጢት እንደያዘች ቆማ ጠበቀቻት። ብርዬ አላለቻትም።

«ብርነሽ፣ ልጄ ‹እንግዳ ሆንኩብሽ?› አለችኝ። እኔ እንደዚያ ብያለሁ?»

«አላልሽም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ማን አለ?»

ብርነሽ አስረዳቻት። ስለ ቻትቦቱ፣ ስለ ረመዳኑ፣ ስለ ቀኑ መጣበብ። ባንቺአየሁ ሳታቋርጥ ሰማች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«የእኔንስ ምን አደረግሽው?»

አጥፍታዋለች። ጽሑፏን በቪዲዮ የምትከላከልበት ፕሮግራም ስልኳ ላይ ቦታ አጥቶ አልጫን ሲላት፣ ያለቀ መስሏት የሴቶቹን ድምፅ በሙሉ ሰርዛዋለች። የባንቺአየሁ የያኔ ስልክም የልብስ ማጠቢያ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ቀርቷል። ያ ንግግር የትም የለም።

ብርነሽ ለትሁት ራሷ ደወለች። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ እትዬ ብርነሽ ብላ ሰላም አለቻት። ብርነሽ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የጻፈው ማሽን ነው አለቻት።

«ማሽን ነው ካልሽኝ አምንሻለሁ። እናቴ ያለችውን ግን አሰሚኝ።»

ብርነሽ የምታስታውሰውን ልትነግራት ሞከረች። እናትሽ በስልክ ነው ያሳደግኳት ብላለች፤ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለውን ጭቃ ስታልፊ እንደምታውቅሽ፣ የመምህሮችሽን ስም አንድ በአንድ…

«እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ» አለች ትሁት። «ለአንቺ ብቻዋን ስትነግርሽ እንዴት ብላ እንዳለችው ነው የፈለግኩት። አሁንማ እሷም ትለኛለች። ካነበብኩት በኋላ ነዋ የምትለኝ።»

 የባንቺአየሁ ቃል ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ እንደነበር ብርነሽ ታውቃለች፤ ያኔ ሳምቡሳ እየጠበሰች ስትሰማት፣ ባንቺአየሁ መሃል ላይ አንድ ቦታ ሳቅ ብላ እንደነበርም ትዝ ይላታል። በምን እንደሳቀች ግን ጠፍቶባታል። ቀን በቀን ለማስታወስ ትሞክራለች። ወጉን ታገኘዋለች፣ ቃሉን አታገኘውም።

አሁን ትሁት አንዳንዴ ስልክ ታነሳለች። ደህና ነኝ ትልና ትዘጋለች። የጠዋቱ መንገድ ቀርቷል።

ብርነሽ እውነቱን ጽፋ ጽሑፉ እንዲነሳ ኮሌጁን ጠየቀች። አማካሪዋ ተይው፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ ዲግሪሽን ታጪበታለሽ ብሎ መክሯት ነበር፤ እሷ ግን ላከችው። ይታያል የሚል መልስ ደርሷታል፤ ከዚያ ወዲህ ዝምታ ነው። ባንቺአየሁ በር ላይ ስታገኛት ሰላም ትላታለች፣ ደግሞም ስለ ጤናዋ ትጠይቃታለች። ቆማ ግን አታወራትም።

በቅርቡ ኢሳይያስ መኪና ሲያጥብ ጠራትና ስልኩን ሰጣት። ብዙ ተከታይ ያለው አንድ የፌስቡክ ገጽ፣ ከየት እንዳገኘው ባይታወቅም፣ ያንን አንቀጽ ወደ አማርኛ መልሶ፣ ከባንቺአየሁ ስም ጋር፣ የማትታወቅ ሴት ፎቶ ለጥፎበት አውጥቶታል። ከሥሩ የሚያለቅሰው ብዙ ነው። ምን ዓይነት እናት ናት የሚሉም አሉ። ኢሳይያስ ያን ቀን ዶክተር አላላትም። ብርነሽ ለገጹ ባለቤት ጻፈች፤ አልመለሰላትም። ከሥሩም የራሷን ስም ገልጻ ጻፈች፤ ከሌላው አስተያየት ሥር ተቀበረ።

ብርነሽ ይህ ታሪክ እንዲጻፍ የፈቀደችው ለአንድ ነገር ብላ ነው፤ የምታነቡትን ትለምናለች።

«ያ ጽሑፍ ከደረሳችሁ አታጋሩት። ከሥሩ ‹ባንቺአየሁ ይህን አላለችም› ብላችሁ ጻፉልኝ። ከእኔ ከአንዷ ይልቅ ከብዙ ሰው ሲመጣ ይሻላል። ትሁት አስተያየቶቹን ታነባለች።»