የፋዲላ ቁርቁራ

ሴት የሞተችበት ሁሉ ፋዲላን ፍለጋ ይሮጣል። በሌላው ቀን ግን በሯን የሚያንኳኳ የለም። በሸዋ ሮቢት ቆላ የሴት ሬሳ የምታጥበው እሷ ነበረች፤ በእጇ ያጠበችላቸው ሰዎች በእጇ ያቀረበችውን አይበሉም። ባሏ ልጅ ሳያስቀርላት ሞቷል። ሰው መቼም ጉድ ነው፤ የሚያከብረውንም ይሸሻል።

ሬሳ የሚታጠበው በእሾሃማው ዛፍ፣ በቁርቁራ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ደርቆ ይወቀጥና ውሃ ውስጥ ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ፋዲላ ከጓሮዋ ያለችውን ቁርቁራ ብረት አታስነካትም፤ ቅጠሉን በእጇ እየለቀመች የጫፉን ለዛፏ ትተዋለች። ፍሬውን ግን ለልጆች ለቃዋለች። በጋ ሲገባ እየተሻሙ፣ እየተጣሉ ጓሮዋን ያምሱታል። እሷም ደጃፏ ቁጭ ብላ እየተቆጣች በልቧ ትስቃለች። ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ይህንን ነበር።

ጣሊያን ገብቶ መንገድ ዳር ካምቦ የተባለ የጦር ሰፈር ሲሠራ የሾህ አጥር አስፈለገው። እስከ ጀውሃ ድረስ ያለው ቁርቁራ ተመነጠረ። በመጨረሻም የቀወቱ አስፋው፣ የካምቦው የሥራ አለቃ፣ መጥረቢያ የያዙ የቀን ሠራተኞች አስከትሎ ፋዲላ ጓሮ ደረሰ።

«እትዬ፣ ዞር ይበሉ። ታዘን ነው።»

ፋዲላ ዛፏን ቀና ብላ አየች። ይህች ከተቆረጠች ሙታኑ በምን ሊታጠቡ ነው?

«ቁረጡ፣ ማን ከለከላችሁ? ግን የሬሳ እጣቢ የምደፋው እስሯ ነው። በበሽታ የሞተችውንም፣ በወሊድ የሞተችውንም ጠጥታለች። ሾኳ የወጋው ሰው ቢያብጥ እኔ የለሁበትም።»

ውሸቷን ነበር፤ ወላሂ ያላለችውም ለዚህ ነው። እጣቢውን የምትቀብረው ከመቃብሩ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍራ ነው። ሠራተኞቹ ወደኋላ አሉ። አስፋው አማተበና ይዟቸው ሄደ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወሬው በማግስቱ መንደሩን አዳረሰ። ፍሬው ሲበስል አንድም ልጅ አልመጣም። ፋዲላ እውነቱን ልትናገር ስንት ጊዜ አስባ ተወችው። ግማሹ መንደር ካምቦ ነው የሚውለው፤ እውነቱ እዚያ ከደረሰ መጥረቢያው ይመለሳል። ፍሬው እየረገፈ ወፍ በላው። ብቸኝነት የለመደች ይመስላት ነበር፤ አልለመደችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጎረቤቷ ልጅ ዘምዘም በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባች። ከመሬት አንድ ፍሬ አንስታ በቀሚሷ ጠረገችና አፏ ውስጥ ከተተች። ፋዲላ ከደጃፏ ሆና አየቻት። እንባዋ መጣ።

ወዲያው ከመንገዱ ድምፅ ተሰማ። ከካምቦ የሚመለሱት ሠራተኞች መጥረቢያቸውን እንደተሸከሙ ቆመዋል።

«እዩዋት! ልጅቷ ስትበላ ምንም አልሆነች!» አለ አንዱ።

ፋዲላ ዱላ ይዛ ወደ ልጅቷ ሮጠች።

«ትፊው! የሬሳ ነው! ትፊው አልኩሽ!»

እጇን መታቻት። ዘምዘም ያላመጠችውን ተፍታ፣ እየጮኸች በመጣችበት ቀዳዳ ወጣች። ሰዎቹም አምነዋት ራሳቸውን እየነቀነቁ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ፋዲላ የልጅቷ ለቅሶ እስኪርቅ ቆማ አዳመጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የተተፋውን ፍሬ አነሳች፤ አፈሩን ጠርጋ በላችው። እንደዚያ ዓመት ጣፍጦ አያውቅም።