ቆዳ ያየው የአስካለ ቢላ

ይህ ነገር የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ከጥር ሠርግ እስከ ቅበላ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የምጽፈው ስላልረሳሁት ብቻ አይደለም። አስካለ በየሠርጉና በየለቅሶው እያነሣች ሰው ስለምታስቅበት ነው። እሷ የምታወራው ግማሹን ነው። ስማችንን ቀይሬዋለሁ። ሰፈሩ ግን ቀጨኔ ነው፣ እሱን አልቀይርም።

ባሌ በላቸው ቢላ ሞራጅ ነው። ድሮ ከመድኃኔዓለም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ይሠራ ነበር። አሁን ጉልበቱን ስለሚያመው ሥራው ቤት ድረስ ይመጣለታል። ሥጋ ቤቶች ቢላ፣ ልብስ ሰፊዎች መቀስ ይልኩለታል። መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ይስለዋል። የሚጠነቀቅለት ሥራ ከሆነ ደግሞ ቆዳ አለው። እንደ ቀበቶ ረዘም ያለ፣ ከዕድሜ ብዛት የጠቆረ፣ ሞራ እየጠጣ የለሰለሰ ቆዳ ነው። ቢላውን በጀርባው በኩል እየመራ ይስበዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ይመልሰዋል። በስለቱ በኩል የገፋው እንደሆነ ቆዳው ይቆረጣል። ከዚያ ቆዳ ላይ የተነሣ ቢላ ፊት ያሳያል።

በተጋባን ሰሞን የእኔንም ቢላ እዚያ ላይ አድርግልኝ ብዬው ነበር። «ለሽንኩርት ቆዳ አይባክንም» አለኝ። ሳቀም። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅሁትም። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የምለምን ሴት አይደለሁም። የሞራጅ ሚስት ሆኜ ቲማቲም በሚጨፈልቅ ቢላ ልጆች አሳድጌያለሁ።

በዚያ ጥር አንዲት ጎረቤታችን ልጇን ስትድር ለሽንኩርት ከተፋ ተጠራን። አሁን አሁን ሽንኩርቱን ወፍጮ ቤት ወስዶ የሚያስፈጭ ብዙ ነው። የሙሽራዋ እናት ግን የተፈጨ ሽንኩርት ወጥ ያበላሻል ባይ ናት። ስለዚህ እንደ ድሮው እያንዳንዳችን ቢላና መክተፊያችንን ይዘን ሄድን። እንዳይቀያየር ሁሉም ሰው እጀታው ላይ ክር ያስራል። የእኔ አረንጓዴ ነው።

አስካለ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ከእኛ ቤት ቁልቁል ብቻዋን ትኖራለች። ከመጀመሪያውም አልወዳትም። ሰው ስታስቅ እኔን እያየች ነው።

«ይርገዱ፣ እየከተፍሽው ነው ወይስ እየገረፍሽው?» አለችኝ።

ሴቶቹ ሳቁ። «የሞራጅ ሚስት እኮ ናት!» አለች አንዷ።

«ሞራጁ የሚሞርደው ለውጭ ሰው ነዋ!» አለች አስካለ።

እንባዬ ይወርድ ነበር፤ የሽንኩርቱ ነው። የዶለዶመ ቢላ ሽንኩርቱን እየጨፈለቀ ውሃውን ወደ ዓይን ይረጨዋል። ተነሥቼ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ። ቢላዬን ያነሣሁ መስሎኝ የእሷን አነሣሁ። ሽንኩርቱ ላይ ሳሳርፈው በራሱ ወረደ። አልተጫንኩትም።

ክሩን አየሁ። ቀይ ነው። ስለቱን ወደ ብርሃን አዞርኩት። ድንጋይ ብቻ ያየ ቢላ ስለቱ አጠገብ ደቃቅ ጭረት አለው። ያንን የሚያጠፋው ቆዳ ነው። ይሄኛው ጭረት የሚባል ነገር የለውም፤ እንደ ረጋ ውሃ ነው። በዚያ ሰፈር ደግሞ ቆዳ ያለው ሰው አንድ ነው። እሱም ከእኔ ጋር ነው የሚያድረው።

«አምጪ፣ የኔ ነው» ብላ ከእጄ ወሰደችው። «ደህና ነው፣ አይደል?» አለች ደግሞ።

ይቺን «ደህና ነው፣ አይደል» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ሌላ ሴት ብትሆን ማታውኑ ባሏን ጠይቃ ትገላገል ነበር። እኔ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ማለት ቀናሁ ማለት ነው፤ ያንን ደስታ ለማንም አልሰጥም። ግን ነገር ማገናኘት ጀመርኩ። በላቸው በዓል በመጣ ቁጥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ «እግሬን ላፍታታ» እያለ ይወጣ ነበር። የደንበኛ ዕቃ የሚመልስ ይመስለኝ ነበር። ሞኝ ነበርኩ።

ሰው እንዳይሳሳት ልናገር። ውሽማ ይዟል ብዬ አልጠረጠርኩትም። በላቸውን አውቀዋለሁ፤ ያን ያህል እንኳ ፍጥነት የለውም። የተቃጠልኩት በሌላ ነው። ቆዳ ላይ ቢላ ማንሣት ትዕግሥት ይፈልጋል። ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ እየነካ ነው የሚሠራው። ያን ጊዜ ቢጠሩት አይሰማም። እኔን እንደዚያ ጎንበስ ብሎ አስተውሎኝ አያውቅም። ለእሷ ሽንኩርት ሲሆን ግን ቆዳው አይባክንም።

ቅበላ ደረሰ። ጾም ሊገባ ሲል ሥጋ ቤት እንዴት እንደሚሆን ይታወቃል። ቢላ በጆንያ መጣለት። በዚያ ጠዋት እሱ ደጅ ፊቱን ሲታጠብ ቆዳውን አንሥቼ የልብስ ሣጥኔ ውስጥ፣ ከነጠላዎቼ ሥር ከተትኩት። ምን ላደርገው እንደሆነ አላሰብኩበትም። ለማንም እንዳይሆን ብቻ ፈለግሁ።

በላቸው ፈለገው። አልጋ ሥር አየ፣ ቁም ሣጥን ላይ አየ፣ ጆንያውን ገለበጠ። እኔን አልጠየቀኝም። ዕቃ ሲጠፋው ትቆጣለች ብሎ አይጠይቀኝም። በመጨረሻ ኮፍያውን አደረገ፣ ከዘራውን ያዘና ወጣ። ተከተልኩት።

ሌላ ቦታ ቢሄድ ኖሮ ተመልሼ ቆዳውን ቦታው አስቀምጥ ነበር፤ ይሄን ስል እውነቴን ነው። እሱ ግን ያንን ቁልቁለት በሚያመው ጉልበቱ ወርዶ በቀጥታ አስካለ ግቢ ገባ። በሩን እንኳ አላንኳኳም። እኔ ከቆርቆሮው አጥር ውጭ ቆምኩ።

«አስካለ፣ ቆዳው እዚህ ቀርቷል እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

«ለገና አመጣኸው፣ ይዘኸው ሄድክ።»

«ቤት የለም።»

«በላቸው! የአባቴን ቆዳ ጣልከው?»

የአባቴን ቆዳ። ቆርቆሮውን ይዤ ቆምኩ። ያንን ቆዳ ስንጋባ ነው ይዞት የመጣው። በየክረምቱ ሻጋታ እንዳይዘው ሞራ ስቀባው የኖርኩት እኔ ነኝ። ከቤታችን ዕቃ ሁሉ እሱን ያህል የተንከባከብኩት የለም።

ሰተት ብዬ ገባሁ። «የማን አባት?» አልኩ።

በላቸው መሬት መሬቱን አየ። አስካለ ግን አልደነገጠችም። «እሰይ መጣሽ! አንቺ ነሽ የደበቅሽው፣ አይደል? ፊትሽ ይናገራል» አለችኝ።

«የማን አባት ነው ያልኩት።»

«የእኔ ነዋ! ሥራውን ያስተማረው ማን ሆነና?» ካለች በኋላ ወደ እሱ ዞረች። «አንተ! ይሄን ሁሉ ዘመን አልነገርካትም?»

በላቸው ኮፍያውን አወለቀ። ሲያፍር እንደዚያ ነው።

ነገሩን የተናገረችው እሷ ናት። አባቷ ወንድ ልጅ አልነበረውም። የበላቸውን እጅ ስለወደደው «ልጄን ከነሥራዬ ልስጥህ» አለው። በላቸው ደግሞ «ሽሮ ሜዳ አንዲት የሸማኔ ልጅ አለች፣ እኔ የምፈልገው እሷን ነው» አለ። ያቺ እኔ ነኝ። ሽማግሌው ተቀየመ። ሊሞት ሲል ግን አስጠርቶ ቆዳውን ሰጠውና አንድ ነገር አስማለው፤ በዓል በመጣ ቁጥር የልጁን ቢላ እንዲስልላት።

«እኔን ትቶ ቆዳውን የወሰደ ሰውዬ ነው» አለች አስካለ። «ቅናት ከሆነ እኔ ነበርኩ መቅናት ያለብኝ። ለአንቺ ባል ደረሰሽ፣ ለእኔ ቢላ።»

በራሷ ቀልድ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሌላ ሴት ይህን ስትሰማ ደስ ይላት ይሆናል፤ ተመርጫለሁ ትላለች። እኔ የሰማሁት ሌላውን ነው። በየበዓሉ ከቤቴ የሚወጣበት ምክንያት ነበረው። እሷ ታውቃለች፣ እሱ ያውቃል፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«የእኔንስ ቢላ?» አልኩት።

«ለእሷ ምዬ ነው» አለ። «አንቺማ ቤት ነሽ። ነገ አደርግልሻለሁ፣ ነገ አደርግልሻለሁ እያልኩ…»

«ለሽንኩርት ቆዳ አይባክንም ነው ያልከኝ።»

«እኔ? መቼ?»

አያስታውሰውም። ከሁሉ የባሰብኝ ይሄ ነው።

ዳገቱን ወጥቼ ቤት ሄድኩ፤ ቆዳውን ከሣጥኑ አወጣሁና ተመልሼ ወረድኩ። አስካለ እቅፍ ላይ ጣልኩላት። «እንኪ የአባትሽን። ከዛሬ ወዲያ ባሌ በአንቺ ደጅ አያልፍም!» አልኳት። ጎረቤት እስኪሰማ ነው የተናገርኩት። አስካለ ቆዳውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። ለአንድ አፍታ ቀልዱም ሳቁም ከፊቷ ጠፋ። እኔ ዞሬ ሄድኩ። እረፍት የመሰለ ነገር ተሰማኝ።

በማግስቱ በላቸው ቁርሱን በላና ድንጋዩን፣ የውሃ ጣሳውንና የቢላ ጆንያውን ማሰናዳት ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ወደ ሥራ» አለ። «ቆዳው እዚያ አይደል?»

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ሥጋ ቤቶች በቅበላ ሰሞን ቢላ ሳይሳልልን እንቆይ አይሉ። እሱም ቢላቸውን በድንጋይ ብቻ አንሥቶ አይመልስም፤ ስሙ ነው። ጆንያውን ተሸካሚ አሸክሞ ወረደ፤ ውሎውንም እዚያው አደረገ። በነጋታውም እንዲሁ። ደንበኞቹ «ጋሽ በላቸው ቤት ቀየሩ እንዴ?» እያሉ ወደዚያው ጎረፉ። አስካለም ለሰፈሩ ሁሉ «ይርገዱ ባሏን ከነሥራው አስረከበችኝ» አለች። ይህቺ ናት ሠርግና ለቅሶ ላይ የምታስቅባት። ታሪኩን ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የምትጨርሰው። የቀረውን አታወራም።

የቀረው ይሄ ነው። በሦስተኛው ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ቤት ሲሆን የቆዳውን አንድ ጫፍ የመስኮቱ ብረት ላይ ነው የሚያስረው። የአስካለ ግድግዳ ግን ጭቃ ነው፤ ሚስማር አይዝም። ስለዚህ ጫፉን የያዘችው እሷ ናት። እሱ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ ቆዳው መሀላቸው ተወጥሯል። ቢላው ሲመላለስ ብቻ ይሰማል። ሁለቱም አይናገሩም። ቢያወሩ፣ ቢሳሳቁ ይሻለኝ ነበር።

«አምጪ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ጫፉን።»

«ዝም ብሎ መያዝ አይደለም እኮ» አለች። «ከረገበ ስለቱ ይበላሻል።»

«ሸማኔ ቤት ላደገ ሰው መወጠር አታስተምሪውም» አልኳት።

አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ ቦታውን ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩና ያዝኩት። በላቸው ቀና ሳይል «ጠበቅ» አለኝ፤ አጠበቅሁት። ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ሞራ ቀብቼዋለሁ፣ እሱ ሲሠራበት ግን ይዤው አላውቅም። እያንዳንዱ ስበት እስከ ትከሻዬ ይመጣል።

ያንን ቢላ ጨርሶ ለባለቤቱ ሰጠና «ያንቺን ይዘሽ መጥተሻል?» አለኝ።

ይዤ ነበር። ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬዋለሁ። እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅሁትም።

ቆሞ የሚጠብቅ አንድ የሥጋ ቤት ሰው «ጋሽ በላቸው፣ ተራው የእኛ ነበር እኮ» አለ።

«እሷ ከአንተ በፊት ነው የመጣችው» አለው በላቸው። «ብዙ ጠብቃለች።»

ቢላዬ በጣም ዶልዱሞ ስለነበር ድንጋዩ ላይ ረጅም ጊዜ ፈጀ። ሰዎቹ አጉረመረሙ። እሱ አልቸኮለም። ከዚያ ወደ ቆዳው አመጣው። እኔ ጫፉን ይዤ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ። አስካለ በሯ ላይ ቆማ ታየን ነበር።

ቆዳው ዛሬም እዚያው እሷ ቤት ነው። አምጪ ብዬ አልጠይቃትም፤ እሷም ውሰጂ አትለኝም። በላቸው ደግሞ ተስማምቶታል፤ ግቢዋ ጥላ አለው ይላል። የእኔ ቢላ አሁን ሽንኩርት ላይ በራሱ ይወርዳል፤ ድግስ ስጠራ ሆን ብዬ አስካለ አጠገብ እቀመጣለሁ። ታዲያ ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ ለሚለኝ ሰው አለቀቀኝም ነው መልሴ። በየበዓሉ ዋዜማ የእሷን ቢላ ሲያነሣ ቀዩን ክር ሳይ የያዝኩትን የቆዳ ጫፍ ይበልጥ አጠብቀዋለሁ። የማለው መሐላ ነው፣ ይፈጽም። እኔ ግን ሥራው እስኪያልቅ እዚያ ቁጭ እላለሁ።

አንዳንዴ አስካለ መጥታ አጠገቤ ትቆምና «እጅሽ ደከመ፣ እስቲ ትንሽ ልያዝልሽ» ትለኛለች።

አልሰጣትም።