ፈንታሁን አህያ የናቀ ቀን

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! የአንድ ጋቢ ጌታ፣ የሁለት በሬ አዛዥ፣ የጉና ውርጭ ባለሟል ፈንታሁን ከዛሬ ጀምሮ ባለ በቅሎ ሆኗልና መንገድ ልቀቅለት! ነጋሪት የሚጎስምለት አላገኘም እንጂ አዋጁስ ይገባው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ ወርቅነሽ ከዐቢይ ጾም ወዲህ እግሯ አብጦ መቆም አቃታት። የነፍስ አባቷ "የጣራ ገዳም ጠበል ካልደረሰላት ክረምቱን አትሻገርም" አሉ። ከጉና ጥግ እስከ ጣራ ገዳም ደግሞ ዳገቱ ቁልቁለት፣ ቁልቁለቱ ዳገት እየወለደ ነው የሚሄደው፤ ሰው በጀርባው አዝሎ አይዘልቀውም። ፈንታሁን ጥማድ በሬዎቹን እየነዳ ደብረ ታቦር ገበያ ወረደ። ጎረቤቱ አያ ማሩም የከብት ዐዋቂ ነኝ ብለው ተከተሉት።

ነጋዴው ሦስት ከብት አቆመላቸው።

"ይህ አህያ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚያውቅ። ዳገትም ሆነ ቁልቁለት ያችው ናት። አይፈጥንም፣ አይቀርም። ይህ ፈረስ ደግሞ እግሩ አንዴ ከተነሣ ማረፍ የለም፤ ቁልቁለት ላይ ልጓሙን ብትይዘው ልጓሙ አንተን ይዞህ ይሄዳል። ይቺ በቅሎ ግን" ብሎ አንገቷን ዳበሰ፣ "እርምጃዋን እንደ መሬቱ ትለዋውጣለች። ዳገቱን ትቧጥጣለች፣ ሜዳውን ትሰግራለች፣ ቁልቁለቱን እንደ ድመት ትወርደዋለች። ተቀምጠህባት ጠላ ብትጠጣ አይፈስብህም።"

ለአህያው አንዱ በሬ ተርፎ ይበቃል። በቅሎዋ ግን ጥማዱን ትበላለች። ወርቅነሽ ከቤት ሲወጣ "አህያ ይበቃኛል፤ አንዱን በሬ አትርፍልኝ። ድኜ ስመለስ በምን አርሰን እንበላለን?" ብላው ነበር። እሱም አህያውን ትክ ብሎ አየው።

አያ ማሩ ሳቁ። "አንተ! ሚስትህ የጌሾ ጭነት ናት እንዴ በአህያ የምትጫን? ማኅበርተኛው ምን ይልሃል?"

"አንቱ ቢሆኑስ የቱን ይወስዱ ነበር?"

"እኔማ ድሮም ባለ በቅሎ ነኝ!"

የአያ ማሩ በቅሎ ከሞተች ዘመን ሆኗታል። የቀራቸው ኮርቻው ነው፤ እሱንም አይጥ ቀምሶታል። "ኮርቻውን ላውስህ፤ አደራ ታዲያ" አሉት በታላቅ ቸርነት።

አህያ የሌላት በቅሎ ትንቃለች ይባላል። ፈንታሁን ግን ምንም ሳይኖረው አህያ ናቀ፤ ጥማዱን ሰጥቶ በቅሎዋን ተረከበ።

ነጋዴው አልዋሸም። በማግስቱ ወርቅነሽ በቅሎዋ ላይ ተቀምጣ ደብረ ታቦርን እስኪያልፉ አንዴም አላቃሰተችም። "ፈንቴ፣ እግሬን ረሳሁት እኮ!" አለችው። እሱም መንገደኛውን ሁሉ ቀና ብሎ እያየ ሰላምታ ሰጠ፤ መኳንንት እንደሚሰጡት፣ በአገጩ።

ከቁልቁለቱ ሥር ስንቅ የሚያጓጉዙ ወታደሮች አገኟቸው። አንዱ በቅሎዋን ዞሮ አያት።

"ይቺ የጌታ በቅሎ ናት። አንተ ከየት አመጣሃት?"

"በጥማድ በሬዬ ለውጬ፣ ጌቶች! ሚስቴ በሽተኛ ናት፣ ለጠበል..."

"ጠበሉ የትም አይሸሽም። ጦሩ ግን ይሄዳል።"

ወርቅነሽን አውርደው ከወይራ ሥር አስቀመጧት። ኮርቻውን አዩና ወረወሩት፤ በቅሎዋን ግን ስንቅ ጫኑባት። በዚያው ጊዜ ያ የገበያው አህያ ጌሾ ተጭኖ፣ ያችኑ አንዲት እርምጃውን እየረገጠ በመካከላቸው አለፈ። ዞር ብሎ ያየው ወታደር የለም።

ፈንታሁን ሚስቱን አዝሎ ጥቂት ሄደ። ከዚያ አስቀምጧት ተመለሰ፤ ኮርቻውን ሊያመጣ።

"ተወው እባክህ፣ ፈንቴ!"

"የሰው አደራ ነው። ጥዬው ብገባ አያ ማሩ ምን ይሉኛል?"

እንዲህ ሚስት ወስዶ ለኮርቻ ሲመለስ፣ ኮርቻ አምጥቶ ሚስት ሲያነሣ፣ ጉልበቱ አለቀ። ጣራ ገዳም ገና ከተራራው ማዶ ነው። ወደ ኋላ እንዳይል ቤቱ ሩቅ፣ በረቱም ባዶ። እሷም እንደ ጧቱ እግሯን የረሳች አይደለችም፤ ማቃሰት እንኳ አቅቷታል። የክረምቱ ደመና ከጉና በኩል መጥቶ ከላያቸው ቆሟል።

እንግዲህ አንተ ባለ በቅሎ አንባቢ፣ በዚያ በኩል ስትሰግር ኮርቻ ታቅፎ ከበሽተኛ ሴት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ብታይ፣ "ምነው አህያውን በወሰድህ" አትበለው፤ እሱን እኔ ብየዋለሁ። ይልቅ እስቲ ውረድና ሴቲቱን በበቅሎህ...