የዘለልኳት መስመር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ቀኑን ሙሉ ማይክራፎን ላይ ስለፈልፍ የምውል ሰው ነኝ፤ በዚህ ነገር ግን ምላሴ ተሳስሮ ኖሯል። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

የሰፈራችንን ሬዲዮ ጣቢያ የመሠረትኩት እኔ አይደለሁም።

የመሠረቱት ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ የባቡሩ የስልክ መስመር ጠጋኝ። ባቡሩ ገና በሚሠራበት ዘመን፣ አቃቂ ጣቢያው አጠገብ በነበረች የቆርቆሮ ክፍላቸው፣ ከተጣሉ ሬዲዮኖች በለቃቀሙት ዕቃ ድምፅ ማጉያ ሠሩ። ምሰሶ ላይ ሰቅለው ባቡሩ ስንት ሰዓት እንደዘገየ፣ የትኛው እድር ማንን እንደሚቀብር ለሰፈሩ ያሰሙ ጀመር። ሁልጊዜ መጀመሪያ ማይክራፎኑን መታ መታ አድርገው በባቡር ሠራተኛ ፈረንሳይኛ «አን፣ ዱ፣ ትሯ» ብለው እስከ ሦስት ይቆጥራሉ። እኔ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ድምፅህ ያምራል ብለው ወንበራቸውን የለቀቁልኝ እሳቸው ናቸው።

ከዓመታት በኋላ የኤፍ ኤም ፈቃድ የምናገኝበት መንገድ ተከፈተ። የጣቢያው ታሪክ ተጽፎ ይቅረብ ተባለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። መሥራቹ ማን እንደሆነ በሚገልጸው መስመር ላይ የራሴን ስም አሰፈርኩ። የተማረ ሰው ስም ቢሆን ፈቃዱ ቶሎ ይወጣል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ማን እንዲህ አለኝ? ማንም። ስሜ እዚያ ቦታ ላይ ተጽፎ ሳየው ደስ አለኝ፤ ይኸው ነው።

የጋሽ ደምሴ ዓይን ደክሞ ስለነበር ወረቀቱን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው፤ ያቺን መስመር ዘለልኳት። ዜና ሳነብ እንደለመድኩት፣ ትንፋሼ እንኳ ሳይደናቀፍ። «ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል፣ የኔ ልጅ» አሉና ፈረሙ። የሚፈርሙበትን ቦታ ጣታቸውን ይዤ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጄ ወጣ። በየዓመቱ በዓላችን ላይ «መሥራቻችን» እየተባልኩ ሲጨበጨብልኝ፣ ጋሽ ደምሴም ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ሰምተው ይሆን ዝም ያሉት? ወይስ ጆሯቸውም ደክሞ ነበር? አንድም ቀን አልጠየቁኝም፤ እኔም ፊታቸውን ማየት ተውኩ። ዛሬስ እናገራለሁ ብዬ ስንት ጠዋት ከቤት ወጥቻለሁ! አፌን ስከፍት የሚወጣኝ የአየር ሁኔታ ነው።

ሲሞቱ ሙሉ የምትባለው ልጃቸው የቀብር ማስታወቂያውን በእጇ ጽፋ ስቱዲዮ ድረስ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ጋሼ፣ ሌላ አላስቸግርዎትም። እንዳለ ብቻ ያንብቡልኝ። ሰፈሩ አንዴ እንኳ ይስማልኝ» አለችኝ።

ወረቀቱ ላይ «ይህን ጣቢያ በገዛ እጃቸው የሠሩት» የሚል መስመር ነበረ። እሺ አልኳት።

ማይክራፎኑን መታ መታ አደረግሁ። አን፣ ዱ፣ ትሯ። ስማቸውን አነበብኩ። የባቡር ጡረተኛ መሆናቸውን አነበብኩ። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ዘለልኳትና ወደ ቀብሩ ሰዓት አለፍኩ።

ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ ሲጠብቅ ነበር። እንዲያዳምጡ ልጃቸው ለሁሉም ነግራቸው ነበር አሉ። በማግስቱ ቀብር ላይ ትሰድበኛለች፣ ፊቴ ላይ ትጮህብኛለች ብዬ ሄድኩ። እንድትጮህብኝም ፈልጌ ነበር። እጄን ጨብጣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» ብቻ አለችኝ።

አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ዘለልኩት፤ አንዴ በቁሙ፣ አንዴ በሬሳው። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ። ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው፣ ተገድጄ ነው አልልም።

ይህን የምጽፈው ስቱዲዮው ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ሙሉ አሁንም እዚሁ አቃቂ አለች፤ ሬዲዮኗን ከፍታ ይሆናል። ማይክራፎኑ አፌ ሥር ነው። ዘፈኑ እያለቀ ነው። ቀጥሎ የማነበው የአየር ሁኔታ ነው።